በጓደኛዬ ሰርግ ኪልት ብለብስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ነው። ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ጓደኛዬ ነሐሴ 9 ቀን ቅዳሜ ያገባል። እኔንም ከአጃቢዎቹ አንዱ አድርጎኛል። አጃቢዎቹ በሙሉ ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባለ ሽንሽን ጉርድ ልብስ ነው የሚለብሱት፤ የእኔንም ኪራይ እሱ ከፍሎልኛል። ልብሱን ስሞክር ፎቶ ተነሥቼ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ላክሁላት። «ወንዱ ልጄ ጉርድ ቀሚስ ለበሰ» ብላ ስታለቅስ አመሸች። እኔም ዘዳግም 22፥5ን ከፍቼ ሳነብ ፍርሃት ያዘኝ። እውነት ኃጢአት ነው? ካልሆነስ መቼ መቼ ልልበሰው? ለሥራ፣ ለመንገድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል? የስድስት ዓመት ልጄንም ትምህርት ቤቱ በጥር ወር ባለ ቅኔያቸው ሮበርት በርንስ ለሚታሰብበት ለበርንስ ቀን ኪልት አልብሱት ይለናል። እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ የከበደህ የእናትህ እንባ መሰለኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያስፈራህን ጥቅስ እንየው።

ቃሉ «ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ፥ ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ» ይላል። አይሻርም፣ አይሸራረፍም። ግን ልብ በል፤ «ወንድ ሱሪ ይልበስ» አላለም። ስለ ስፌቱ ቅርጽ የተናገረው ነገር የለም። እንደዚያ ቢሆን ያዕቆብ ለዮሴፍ ያደረገለትን ምን ልንለው ነው? ዘፍጥረት 37 በብዙ ኅብር ያጌጠች ቀሚስ ይላታል። የጌታችንም እጀ ጠባብ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ እንጂ የተሰፋ እንዳልነበረ ዮሐንስ ጽፎልናል። ዛሬም በእኛ ዘንድ ቄሱ ቀሚስ ለብሶ ይቀድሳል። የአፋር ጎልማሳ ሽርጡን አገልድሞ ግመሉን ይነዳል። ሴት መሰልክ የሚለው ሰው ማን ነው?

ሕጉ የሚጠብቀው ወንድና ሴት አድርጎ የፈጠረንን የእግዚአብሔርን ሥራ ነው። ወንዱ ሴት ለመምሰል ብሎ የእሷን ልብስ እንዳይለብስ፣ ሴቷም እንዲሁ። የአንድ ልብስ የወንድነቱ ወይም የሴትነቱ ነገር የሚታወቀው ደግሞ በተወለደበት አገር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ኪልት ለብሶ የሚሄድ ሰው ያየ ሕፃን «አባባ» ይለዋል እንጂ «እማማ» አይለውም። እንዲያውም እዚያ ሙሽራው ወንድነቱን የሚያደምቅበት ልብስ ነው። የኦርቶዶክሶቹን የግሪኮችን ክብር ዘብ አይተህ ከሆነ ነጭ ሽንሽን ጉርድ ለብሰው ነው የሚቆሙት። አባቶቻቸው በዚያ ልብስ ለነጻነት ተዋግተዋል።

ኪልትም ደም የፈሰሰበት ታሪክ አለው። በ1746 እ.ኤ.አ. ያመፁት የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ከተሸነፉበት ከካሎደን ጦርነት በኋላ የለንደን መንግሥት የደጋውን ሕዝብ ልብስ በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል። ሁለተኛ ከተያዘ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተነሣው በ1782 ነው። ጓደኛህ ኪልቱን ሲሰጥህ ይኼንን ሁሉ ነው ያለበሰህ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርህ። ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት ኤድንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ለአገራችን ተመልሷል። ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ተረድተው በክብር ነው የመለሱት። እኛም የእነሱን የክብር ልብስ «ቀሚስ» ብለን ብንስቅበት ደግ አይሆንም።

አንድ ጊዜ ኤድንብራ ለአገልግሎት ሄጄ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ኪልት የለበሱ ሽማግሌ መጡ። ከመቀመጣቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። ሽንሽኑን ከላይ ወደ ታች በመዳፋቸው ደልደል አድርገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የፊተኛውንም ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉት። ዲያቆን ሳለሁ የኔታ ቀሚሴን ሰብስቤ እንድቀመጥ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ። ያ እጅ ጨዋነት የተማረ እጅ ነው።

እንግዲህ ለሰርጉ ልበሰው። «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ» ተብለናል። ነገር ግን በጨዋነት ልበሰው። ሙሉው ኪልት ሰባት ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ ከበድ ይላል፤ ቢሆንም ሲጨፈር ሽንሽኑ ይነሣል። ርዝመቱ የጉልበትህን መሐል ይንካ። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አድርግ። «እውነተኛ ስኮትላንዳዊ ከኪልቱ ሥር ምንም አያደርግም» የሚል ቀልድ እንዳለ አውቃለሁ፤ አጃቢዎቹም ይገፋፉህ ይሆናል። አትስማቸው። እግዚአብሔር በዘፀአት 28 ለካህናቱ ከወገብ እስከ ጭን የሚደርስ የውስጥ ሱሪ እንዲሠራላቸው አዟል። ለምን? ኀፍረተ ሥጋቸው እንዲሸፈን። በረጅም ልብስ ላይ ይኼን ያዘዘ አምላክ በአጭሩ ላይ ምን እንደሚል አንተው አስበው። ካልሲው ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ቢላዋ የልብሱ ጌጥ ናት፤ የአገሩም ሕግ ይፈቅዳታል። እኔን ብትጠይቀኝ ግን መጠጥ ባለበት ቦታ ብትቀር ይሻላል።

አሁን አንተ ያልጠየቅኸኝን ልጠይቅህ። ነሐሴ 9 ብለሃል። ፍልሰታ እኮ ነው! ስለ ልብሱ እንቅልፍ አጥተህ ስለ ማዕዱ አንድ ቃል አልጻፍክም። እውነቱን ልንገርህ፤ ንስሐ አባትህ ብሆን የማስብልህ ስለዚህ ነበር። እመቤታችንን በሱባኤ የምንማጸንባት ጊዜ ላይ ሰርግ መሄድህን አልከለክልህም። የምትበላውንና የምትጠጣውን ግን ከአሁኑ አስብበት። ለሙሽሮቹ «እጾማለሁ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም» ብለህ ቀደም ብለህ ንገራቸው። በዚያ አገር እንግዳ የማይበላውን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ አይከብዳቸውም። ሃጊስ የሚሉት ምግባቸው ከበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ነው የሚሠራው፤ ከእኛ ዱለት ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ከምስርና ከአጃ የሚሠራ ሥጋ የሌለው ሃጊስም አለላቸው። ያንን ጠይቅ፤ ቅቤ እንዳልገባበትም አረጋግጥ።

ጾሙ ሌላም ጊዜ ይመጣብሃል። በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 30 የአገራቸው ጠባቂ የሚሉት የሐዋርያው እንድርያስ ቀን ነው፤ ኪልት ይለበሳል፣ ግብዣ አለ። ለእኛ ግን ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 21፣ ኅዳር ጽዮን ነው። ጾመ ነቢያትም ገብቷል። እኛ እንድርያስን የምናስበው ታኅሣሥ 4 ነው። የአሥራ ሦስት ቀን ልዩነት የመጣው ከአቆጣጠሩ እንጂ ሐዋርያው አንድ ነው። ይኼን ለጓደኞችህ ብትነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ቀኑን ግን ጠዋት በቅዳሴ ጀምረው። ማታ ከሄድክም ጾምህን ይዘህ ሂድ።

ለሥራና ለመንገድ ይለበሳል ወይ ላልከው፣ ኃጢአት አይደለም። ግን የአገሩን ሰዎች እያቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ በየቀኑ አይለብሱትም። ለሰርግ፣ ለምረቃ፣ ለራግቢ ጨዋታ፣ ለጭፈራ ምሽት ያወጡታል። ለቀብርም የሚለብሱት አሉ፤ ያኔ ብልጭልጩን ትተው ጠቆር ያለ ኮት ያደርጉበታል። ባለ ቤቶቹ ለቁም ነገር ቀን ያስቀመጡትን ልብስ አንተ ሱፐርማርኬት ለመሄድ ብትለብሰው ለምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ምቾት ከሆነ እሺ። ሰው ዞር ብሎ እንዲያይህ ከሆነ ግን ተወው። ጌታችን የልብሳቸውን ዘርፍ የሚያስረዝሙትን የገሠጻቸው ለታይታ ስላደረጉት ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ግን አይሆንም እልሃለሁ። ለዚህ ምክንያት አለኝ። እኛ ቆመን ብቻ አንጸልይም፤ እንሰግዳለን። በኪልት ግንባርህ መሬት እስኪነካ ስትሰግድ ሽንሽኑ ከኋላ ወዴት እንደሚሄድ አስበው። ከኋላህ የቆመው ሰው ሐሳቡ ከቅዳሴው ይወጣል። ሱሪህን ልበስ፣ ነጠላህን አጣፋ፣ እንደ ወንድሞችህ ሁን። ይኼ የሚመለከተው አንተን ነው። ስኮትላንዳዊ እንግዳ ኪልቱን ለብሶ ደጃችን ቢመጣ ግን በፈገግታ ተቀበሉት እንጂ በር ላይ አታቁሙት። ከሩቅ መጥቶ የክብር ልብሱን ለብሶልናል።

አገር ቤት ስትሄድም ሻንጣህ ውስጥ አትክተተው። ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም» ያለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ግላስጎው ላይ ወዳጅነት የሆነው ልብስ ሰፈርህ ውስጥ የሐሜት ርእስ ይሆናል።

እናትህን በተመለከተ፣ ፎቶውን ያለ ማብራሪያ መላክህ ነው የጎዳት። እስቲ በእሷ ቦታ ሁን። ልጇ በስደት ምን ይሆንብኝ ይሆን ስትል ዘጠኝ ዓመት ሳትተኛ ኖራለች። ድንገት ስልኳ ላይ ባለ ሽንሽን ጉርድ ለብሶ አየችው። ምን ታስብ? ፎቶ ሳይሆን ድምፅህን አሰማት። «እማዬ፣ ይኼ የአገሩ ወንዶች የሰርግ ልብስ ነው፤ አባቶቻቸው ታስረውበታል፤ መምህርም ፈቅደውልኛል» በላት። ጓደኛህ በቪዲዮ ሰላም ይበላት። አባቱ ወይም አያቱ ኪልት ለብሰው የተነሡት ፎቶ ካለም አሳያት። ይኼ ሁሉ ተደርጎም ልቧ ካልረጋ፣ ለጓደኛህ በትሕትና ነግረህ በሱፍ ልብስህ አጅበው፤ ወዳጅ ከሆነ ይረዳሃል። ወንድማችንን በመብል እንኳ እንዳናሰናክል የታዘዝን ሰዎች እናትን በልብስ ማስለቀስ አይገባንም። እኔ ግን የምትረጋ ይመስለኛል።

የልጅህ ነገር ቀላል ነው። የበርንስ ቀን ጃንዋሪ 25 የሚውለው ለባለ ቅኔያቸው መታሰቢያ ነው፤ አምልኮ የለበትም። ልጁን አልብሰው፤ ግጥሙንም ይበል። አንድ ነገር ግን አደራ። ጃንዋሪ 25 ብዙ ጊዜ ጥር 17 ነው፤ ከጥምቀት ስድስት ቀን በኋላ። ለትምህርት ቤቱ ኪልት ከመግዛትህ በፊት ለጥር 11 የሐበሻ ልብሱን አሰፋለት። ታቦቱን አጅቦ ይዘምር፤ ውኃው ይረጭበት። በሳምንቱ ኪልቱን ለብሶ ክፍል ሲገባ መምህሯ «ባለፈው ሳምንት ምን ለብሰህ ነበር?» ብትለው የሚነግራት ይኖረዋል።