የአባቴ ሸክላዎች ውጭ አገር ታትመው ይሸጣሉ፤ መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ነው። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከመንግሥት ኦርኬስትራዎች በአንዱ ትራምፔት ይጫወት ነበር። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ደግሞ ለአንድ የግል ሸክላ አሳታሚ፣ በ1963 ወይም በ1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አራት ዘፈኖችን አጅቦ አስቀርጿል። የሁለቱ ዜማ የራሱ እንደነበረ እናቴ ትናገራለች። አባቴ በ1998 ዓ.ም. አረፈ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው አዲስ አበባ እናቴ ቤት መጥቶ ሁለት ሸክላዎችና አንድ የቴፕ ሪል ወሰደና 60,000 ብር ሰጣት። ባለፈው ዓመት አራቱም ዘፈኖች በአንድ የአውሮፓ ኩባንያ ስም በኢንተርኔት ሲሸጡ አገኘሁ። የአባቴ ስም የትም አልተጻፈም። ከእናቴ የተወለድነው ሦስት ልጆች ነን። ኩባንያውን መክሰስ እንችላለን? ምን ያህልስ ካሳ እናገኛለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአባትዎ ሥራ ያለ ስማቸው ሲሸጥ ማየት ምን ያህል እንደሚያም እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ካሳው መጠን ዛሬ አንድም ቃል አልናገርም፤ ምክንያቱም ደብዳቤዎ ከያዘው ይልቅ የተወው ይበልጣል። ሰውየው 60,000 ብር ሰጠ ብለዋል፤ እናትዎ ምን ላይ እንደፈረሙ ግን አልነገሩኝም። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ያለ ፊርማ የሚሄድ ነጋዴ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ደግሞም «ከእናቴ የተወለድነው» የሚለው አነጋገርዎ አባትዎ ሌሎች ልጆችም እንዳሏቸው እንድጠረጥር አድርጎኛል። ጉዳይዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ስለሆነ መልሴም በእነሱ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሜ ግን እንዲህ ዓይነት ሰዎች የሟች ሙዚቀኞችን ቤት ለምን እንደሚያንኳኩ ላስረዳ። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ለረዥም ዓመታት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ቆይቷል። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲከፍትና የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ሌሎች የግል አሳታሚዎችም ተከተሉት። ከድምፃውያኑና ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ባልደረቦች ነበሩ፤ ለግል አሳታሚ የሚጫወቱት ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በመሆኑ ስማቸው እንዲጻፍ ራሳቸውም የማይፈልጉበት ጊዜ ነበር። ክፍያው በእጅ ነበር፤ ውል የሚባል ነገር ከነበረም ዛሬ በቤተሰብ እጅ እምብዛም አይገኝም። አብዮቱ መጣ፣ አምሃም እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጃቸው የ«ኤትዮፒክስ» ስብስቦች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲወጡ ዓለም ለዚያ ዘመን ሙዚቃ ጆሮውን ሰጠ፤ ገበያውም ተከፈተ። ዛሬ አንድ የውጭ ኩባንያ እነዚያን ዘፈኖች ሊያሳትም ሲነሳ የራሱ ጠበቃ «መብቱን ከማን አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያኔ ያልተጻፈው ወረቀት ዛሬ ይፈለጋል ማለት ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው ደግሞ ሳሎን ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ፣ በባል የሞተባት ሴት ፊርማ ነው።

ስለ መሠረታዊው ሕግ ባጭሩ ልግለጽ። አንድ ዘፈን በሕግ ዓይን አንድ ንብረት አይደለም። ዜማውና ግጥሙ የደራሲዎቹ፣ ማለትም በሕጉ አጠራር የሥራ አመንጪዎቹ ናቸው፤ ተጫዋቹና ድምፃዊው የከዋኝነት መብት አላቸው፤ ቀረጻውን ያዘጋጀው አሳታሚም የራሱ መብት አለው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙና የአሳታሚው ግን 50 ዓመት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም ከቀረጻው ወይም ከሕትመቱ ነው። በመሆኑም አባትዎ ትራምፔት በመጫወታቸው ብቻ የሚነሳው ጥያቄ አገር ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ዜማ ደራሲ መሆናቸው ከተረጋገጠ ግን ያ መብት እስከ 2048 ዓ.ም. ይዘልቃል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ለተሠሩ ሥራዎች እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነውን የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ እንዲሁም በ2007 ዓ.ም. የወጣውን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ከጉዳይዎ ጋር አገናዝቦ የሚያነብልዎ ጠበቃ ያስፈልግዎታል። ዜማዎቹ የተደረሱት ለኦርኬስትራው በመደበኛ ሥራ ከሆነም መብቱ የአሠሪው ነው የሚል ክርክር ስለሚነሳ፣ መቼና ለማን እንደተደረሱ እናትዎን በዝርዝር ይጠይቋቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ የሙዚቀኛ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሰውየው ሲመጣ ስለ መብት አያወራም። የሚያወራው ስለ ሸክላውና ስለ ሪሉ ነው፤ ፎቶግራፍ እንዲያሳዩት ይጠይቃል፣ ስለ ሟቹ በአክብሮት ይናገራል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ካስረከበ በኋላም «ለደረሰኝ ያህል እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይላል። ቤተሰቡም የተሸጠው አሮጌ ዕቃ መስሎት ይፈርማል። ወረቀቱ ሲነበብ ግን ከላይ «የገንዘብ መቀበያ» ይልና ወረድ ብሎ «የባለቤቴን የሙዚቃ ሥራዎች በሙሉ፣ በማናቸውም መንገድ የማባዛትና የመሸጥ መብት ጭምር፣ ያለ ጊዜ ገደብ አስተላልፌያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዟል። ዕቃውን መሸጥና መብቱን ማስተላለፍ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሪሉን የገዛ ሰው ሪሉን ብቻ ነው የገዛው። የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ በመሆኑ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌለች ሰውየው በእጁ ያለው ፕላስቲክና ቴፕ ብቻ ነው። ካለች ግን የአውሮፓው ኩባንያ «በቅን ልቦና ከባለመብቱ ገዝቻለሁ» ብሎ የሚቀርበው እሷን ይዞ ነው።

ስለዚህ ከማናቸውም ክስ በፊት ያን ወረቀት ያግኙ። እናትዎ «ምንም አልፈረምኩም» ቢሉም እዚያ ላይ አይቁሙ፤ ይህን የምለው እናትዎን ለመጠራጠር ሳይሆን፣ ደረሰኝ የፈረመ ሰው ውል የፈረመ ስለማይመስለው ነው። ቀኑን፣ አብሮ የነበረውን ሰው፣ ገንዘቡ በእጅ ይሁን በባንክ የተሰጠው፣ ቅጂ ቀርቶላቸው እንደሆነ ይጠይቁ። በባንክ ከሆነ የሒሳብ መግለጫውን ያውጡ። ወረቀቱ ሲገኝ ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘው ውል ሁለት ምስክሮች ሊኖሩት እንደሚገባ፣ እናትዎ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነም ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው በሚመለከተው ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው ጠበቃዎ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መነሻነት ይመረምራል። ፈርመውም ከሆነ የፈረሙት በስሕተት ወይም በተንኮል ተታለው መሆኑ ሊያስፈርስ ይችላል። ይሁንና ውል እንዲፈርስ የሚቀርብ ክስ የማፍረሻው ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እርስዎ ዘፈኖቹን ያገኙት ባለፈው ዓመት ነው፤ እናትዎስ የፈረሙት ምን እንደሆነ የተረዱት መቼ ነው? ይርጋው ምናልባት እየሮጠ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ካነበቡበት ሳምንት አያሳልፉት።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰውየው ወይም ኩባንያው ቅሬታዎን ሲሰማ ሊደውልና «ችግር የለም፣ ትንሽ እንጨምርላችሁ፣ ማሟያ ወረቀት ብቻ ይፈረም» ሊል ይችላል። ያ ማሟያ የመጀመሪያውን ጉድለት ሁሉ የሚደፍን ነው። አይቀበሉ፣ አይፈርሙ፣ በስልክም «ያ ስምምነት ልክ ነበር» የሚል ቃል አይስጡ። እናትዎንም በዚህ ረገድ ብቻቸውን አይተዉአቸው።

ወደ ቤተሰብዎ ስንመጣ፣ እንዲያነቡት የምፈልገው ደስ የሚልና የማይል ነገር አለ። በኢትዮጵያ የውርስ ሕግ አባትዎ ኑዛዜ ካልተዉ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቻቸው ናቸው። እናትዎ ከጋብቻው ንብረት ድርሻቸውን ይወስዳሉ እንጂ ባል ስለሞተባቸው ብቻ ወራሽ አይሆኑም። ስለዚህ የሌላቸውን የልጆቹን ድርሻ በፊርማቸው ማስተላለፍ አይችሉም፤ ይህ ለእናንተ ትልቅ መከራከሪያ ነው። ነገር ግን ተቃራኒው ወገን «60,000 ብሩን ልጆቹም ተካፍለዋል፣ አውቀው ዝም ብለዋል» ሊል ይችላልና፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ እውነቱን ለጠበቃዎ ይንገሩ። ለጠበቃ የሚደበቅ ነገር ፍርድ ቤት ውስጥ በተቃራኒው ጠበቃ አፍ ይወጣል።

የማይመቸው ደግሞ ይህ ነው። አባትዎ ከሌላ ሴት የወለዷቸው ልጆች ካሉ፣ በጋብቻ ተወለዱም አልተወለዱም፣ ከእርስዎ እኩል ወራሾች ናቸው። እነሱን ትቶ የሦስታችሁን ስም ብቻ በያዘ የወራሽነት ማረጋገጫ መክሰስ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ማበላሸት ነው፤ ኩባንያው ያልተጠቀሰውን ወንድም ፈልጎ ሊያገኘውና ከእሱ ጋር ሊዋዋል ይችላል። ይህን ጉዳይ ቤት ውስጥ ማንሳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጀመሪያ የሚነሳው ይህ መሆን አለበት። ወንድሞችና እኅቶች ካሉ ያግኟቸው፣ በአንድ ጠበቃ ስር ተሰባሰቡ፣ የወራሽነት ማረጋገጫውንም በሁላችሁም ስም አውጡ። እርስዎ ውክልና የሚሰጡት ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ከሆነ፣ ውክልናው ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ይሁን፤ የመሸጥና የመለወጥ ሥልጣን ያለበት ጠቅላላ ውክልና ለዘመድም ቢሆን አይስጡ።

በመጨረሻም ስለሚኖሩበት አገርና ስለ ማስረጃ። ኢትዮጵያ አገሮች የቅጂ መብትን እርስ በርስ የሚያስከብሩበት ዓለም አቀፍ ውል፣ የበርን ስምምነት፣ ለረዥም ዘመን አባል ሳትሆን በመቆየቷ ውጭ አገር የሚነሳ ክስ በዚያው አገር ሕግ ተመርምሮ እንጂ በእኛ አዋጅ ብቻ ተመክቶ አይጀመርም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ፣ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 (የካቲት 7 ቀን 1964 ዓ.ም.) በፊት ለተቀረጹ ሥራዎች የተለየ ጥበቃ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከዚያች ቀን ላሉ ቀረጻዎች ጥበቃው እስከ 2067 ሊዘልቅ ይችላል። ይህ ጥበቃ በመርሕ ደረጃ የቀረጻው ባለቤት እንጂ የአጃቢው አይደለም፤ ሆኖም እርስዎ «1963 ወይም 1964» ያሉት ቀን በየካቲት ወዲህና ወዲያ መውደቁ በአሜሪካ የሚከተሉትን መንገድ ይለውጠዋል።

ቀኑን ደግሞ ሸክላው ራሱ ሊናገር ይችላል። ሰውየው የወሰደው ሁለት ሸክላ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ ከዘመድ ወይም ከሰብሳቢ ይፈልጉ። የመሐሉን ወረቀት በሁለቱም ገጽ ፎቶ ያንሱ፦ የዘፈኑን ርዕስ፣ የድምፃዊውንና የባንዱን ስም፣ የአሳታሚውን መለያ ቁጥር። ከዚያም ሸክላውን በጎን ብርሃን አዘንብለው በወረቀቱና በመጨረሻው የድምፅ መስመር መካከል ያለውን ለስላሳ ክብ ይመልከቱ፤ ማተሚያ ቤቱ የጫረው ቁጥር እዚያ ይገኛል፤ እሱም ከሌሎች ሸክላዎች ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሕትመቱ ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደሆነ ያሳያል። ዜማው የአባትዎ መሆኑን ግን ይህ አያረጋግጥም፤ የዜማ ደራሲ ስም ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ለዚህ የእጅ ጽሑፍ ኖታ፣ የዘመኑ ጋዜጣ፣ የሬድዮ ቃለ ምልልስ፣ ከሁሉም በላይ አብረዋቸው የተጫወቱ በሕይወት ያሉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸውና ቃላቸው በቪዲዮ ይቀረጽ፣ በጽሑፍም ሰፍሮ ይፈረምበት፤ ጠበቃዎም ፍርድ ቤት የሚቀበለውን ቅርጽ ያሲዘው። ደራሲነቱ ከተረጋገጠ የአባትዎ ስም እንዲጠቀስ መጠየቅ ከገንዘቡ ተለይቶ የሚቀርብ የሞራል መብት ነው።

ለአውሮፓው ኩባንያ እስካሁን ምንም ያልጻፉ ከሆነ ባሉበት ይቆዩ፤ ጽፈው ከሆነም የጻፉትን ሁሉ ቅጂ ያስቀምጡ። የወራሽነት ማረጋገጫው፣ እናትዎ የፈረሙት ወረቀትና የባንክ መግለጫው በእጅዎ ሲገቡ አዲስ አበባ ያለ ጠበቃና ቨርጂኒያ ያለ የቅጂ መብት ጠበቃ ተነጋግረው የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዲያረቁልዎ ያድርጉ። ዋናዎቹን ሰነዶች ግን ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ ለእነሱም የሚያስረክቡት ቅጂውን ብቻ ነው።