የአንጎልና የነርቭ ምርመራዎች፦ ምን ያህል ይታመናሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የተላኩት ከሕክምና ተማሪዎች፣ ከላቦራቶሪና ከነርቭ ምርመራ ባለሙያዎች እንዲሁም ከታማሚ ቤተሰቦች ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ውጤት ይታመናል ወይ? ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። አፉ በድንገት የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የዛለ ወይም እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት ያለበት ሰው ካለ ንባቡ ይቆየው፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጥያቄ፦ ለመርሳት በሽታ የወጣው የደም ምርመራ «90 ከመቶ ትክክል» ነው ይባላል። እናቴ ብትመረመርና ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ 90 ከመቶ ታማለች ማለት ነው?

አይደለም። 1000 ሰው እንውሰድና 10ሩ ብቻ ሕመሙ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 90 ከመቶውን ይይዛል፤ ከጤነኞቹም 90 ከመቶውን በትክክል ነፃ ይላል። ስለዚህ ከ10ሩ 9ኙን ያገኛል። ነገር ግን ከ990 ጤነኞች 99ኙን በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። በድምሩ 108 ፖዘቲቭ ወጣ፤ በእውነት የታመሙት 9 ናቸው። ከመቶ 8 ገደማ መሆኑ ነው።

ይኸው ምርመራ ግማሾቹ ሕመሙ ባለባቸው 1000 ሰዎች ላይ ቢሠራ 450 እውነተኛና 50 የውሸት ፖዘቲቭ ያወጣል፤ ያኔ ፖዘቲቭ ማለት በእርግጥ 90 ከመቶ ይሆናል። ማሽኑም ኬሚካሉም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመረመረው ሰው ነው። ስለዚህ እናትዎ የማስታወስ ችግር ከታየባቸውና የነርቭ ሐኪም አይቷቸው ከታዘዘ ውጤቱ ክብደት አለው። ምንም ምልክት ሳይኖር «ለማወቅ ያህል» ከተሠራ ግን ጭንቀት ከመጨመር የዘለለ ጥቅም የለውም።

ፒ-ታው 217 የሚባለውን ፕሮቲን የሚለካውን የደም ምርመራ በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙት በሁለት መለያ ቁጥር ነው፤ ከታችኛው በታች ኔጋቲቭ፣ ከላይኛው በላይ ፖዘቲቭ፣ መሐል ላይ የወደቀው ደግሞ ሌላ ምርመራ የሚያስፈልገው። መሐል መውደቅ «ትንሽ ታሟል» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የኩላሊት ድካም የፒ-ታውን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ የኩላሊት ውጤት ሳይታይ ብቻውን መነበብ የለበትም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጥናቴ አዲስ የምርመራ ዘዴን መመዘን ነው። 50 ታማሚና 50 ጤነኛ ሰው ባነጻጽር ይበቃል?

የሰው ቁጥሩም ያንሳል፤ ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳዎት ግን አመራረጡ ነው። ሕመሙ አፍጥጦ የወጣበትን ሰው ከፍጹም ጤነኛ መለየት ለማንኛውም ምርመራ ቀላል ነው። ሐኪሙን የሚያስጨንቀው መሐል ላይ ያለው ሰው ነው፦ የሚንቀጠቀጥ ግን ፓርኪንሰን ይሁን ሌላ ያልታወቀ፣ የሚረሳ ግን ድብርት ይሁን አልዛይመር ያልተለየ። ስለዚህ በዚያ ጥርጣሬ ወደ ክሊኒኩ የመጣውን ሰው ሁሉ በተራ፣ ሳይመርጡ ያስገቡ።

ቁጥሩን እንዲህ ያስሉ። ሴንሲቲቪቲው (ከታመሙት ስንቱን እንደሚይዝ) 90 ከመቶ ይሆናል ብለው ከገመቱና ግራ ቀኝ ከ5 ከመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ ከፈለጉ፣ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.9 እና በ0.1 ተባዝቶ፣ ለ0.05 በራሱ ብዜት ሲካፈል 138.3 ይመጣል። ሕመሙ ያለባቸው 139 ሰዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በክሊኒኩ ከሚመጡት 20 ከመቶው ብቻ ሕመሙ ካለባቸው በጠቅላላ 695 ሰው መመዝገብ አለበት። ለመመረቂያ ይከብዳል፤ ያኔ የጥናቱን ዓላማ ማጥበብና የእርግጠኝነቱን ወሰን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

የሚበላሽባቸው ሌሎች ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አዲሱን ምርመራ የሚያነበው ሰው ሕመሙን የሚያረጋግጠውን የመጨረሻ ምርመራ ውጤት ካወቀ ዓይኑ ወደዚያው ያደላል፤ ሁለቱ ተለያይተው ይነበቡ። ፖዘቲቭ የወጣላቸውን ብቻ በመጨረሻው ምርመራ ማረጋገጥም የተለመደ ስህተት ነው፤ ኔጋቲቭ ከተባሉት ውስጥ ያመለጡት ስለማይታዩ ሴንሲቲቪቲው በሐሰት ያብጣል። መለያ ቁጥሩን ከዚያው ከራስዎ መረጃ መርጠው በዚያው መረጃ ላይ መመዘንም እንደዚሁ። «ግልጽ አይደለም» የተባሉ ውጤቶችን አይጣሉ፤ ስንት እንደሆኑ ይጻፉ። በ2015 የታደሰው ስታርድ የሚባለው የምርመራ ጥናቶች አዘጋገብ መመሪያ 30 ነጥቦች አሉት፤ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ፕሮቶኮሉ ሲረቀቅ አጠገብዎ ይሁን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ኢኢጂው «ኖርማል» ተባለ፤ ሐኪሙ ግን የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። ማንን እንመን?

ሐኪሙን። ኢኢጂ የሚያየው በተቀዳባቸው በእነዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃዎች ያለውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በመጀመሪያው መደበኛ ኢኢጂ ምልክቱ የሚታይባቸው ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። ሲደጋገምና እንቅልፍ ተነፍጎ ሲሠራ ወደ 80 ከመቶ ይጠጋል፤ ከአራተኛው በኋላ ግን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከመውደቁ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ቢሠራ ደግሞ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ያለው ስህተት ይብስ ያሳስበኛል። ጨርሶ ወድቀው ከማያውቁ 1000 ጎልማሶች በ5ቱ ገደማ የሚጥል በሽታ የሚመስል ሞገድ ይገኛል፤ በልጆች ላይ ደግሞ ከዚህ ይበዛል። ስለዚህ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው በኢኢጂ ብቻ የዓመታት መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ምርመራው የሚቆመው በታሪኩ ላይ ነው፦ ከመውደቁ በፊት ምን ተሰማው፣ ፊቱ ገረጣ ወይስ ጠቆረ፣ ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ ጭፍን፣ የምላሱን ጎን ነከሰ ወይ፣ ከነቃ በኋላ ስንት ደቂቃ ግራ ተጋባ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ የበለጠ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ኢኢጂ እሠራለሁ። አንባቢው ሐኪም «በግራ በኩል ሞገዱ አንሷል» ብሎ ይመልሳል፤ ኤምአርአይ ሲታይ ግን ምንም የለም። ምን እየተሳሳትኩ ይሆን?

መጀመሪያ ሜትሩን ይያዙ። ኤሌክትሮዶችን (ጭንቅላት ላይ የሚለጠፉትን መቅጃዎች) በ10 እና በ20 ከመቶ ርቀት የሚያስቀምጠው የ10–20 ዘዴ በግምት አይሠራም። ከአፍንጫ ሥር ካለው ስርጉድ እስከ ማጅራት አጥንት ጉብታ ድረስ 36 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምልክት 3.6 ላይ፣ ቀጣዩ 10.8፣ መካከለኛው 18፣ ከዚያ 25.2፣ የመጨረሻው 32.4 ላይ ያርፋል። ከጆሮ ጆሮም እንደዚሁ፤ ዙሪያውም እንደዚሁ። በቀለም እርሳስ ምልክት ሳያደርጉ ኤሌክትሮድ አይለጥፉ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምንድን ነው? ኢኢጂ የሚለካው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በግራ በኩል ያሉት ሁለት ኤሌክትሮዶች ከቀኞቹ በ1 ሴንቲ ሜትር ከተቀራረቡ ልዩነታቸው ያንሳል፤ ወረቀቱ ላይ የግራው አንጎል የደከመ ይመስላል። ጄሉ ፈስሶ ሁለቱን ካገናኘ ደግሞ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ላብም ይህንኑ ያደርጋል። ሲቀቡ ይቆጥቡ። ኢምፒዳንሱ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይሁን፤ በተለይ እርስ በርሱ ይቀራረብ። አንዱ 2 ሌላው 15 ከሆነ የመብራት መስመሩ ጣልቃ ገብቶ ሞገዱን ይሸፍነዋል። ፊልተር ከፍቶ ከመደበቅ ቆዳውን እንደገና አሽቶ ማጽዳት ይሻላል፤ ፊልተሩ እውነተኛውንም ሹል ሞገድ ያደነዝዘዋል።

ጥያቄ፦ ከጀርባ ውሃ ሲቀዳ ሽባ ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው?

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሐሳቡ ግን ልክ አይደለም። ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው፤ እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። የተለመደው ችግር ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። እሱንም ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ፣ የማይቆርጥ መርፌ በመጠቀም በብዙ መቀነስ ይቻላል። ከተቀዳ በኋላ ለሰዓታት አስተኝቶ ማቆየት ግን ራስ ምታቱን አይከላከልም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪ በኩል ከዚህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ጊዜው። ነጭ የደም ሴሎች በፈሳሹ ውስጥ ይፈርሳሉ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኒውትሮፊል በ1 ሰዓት ውስጥ ወደ 30 ከመቶ፣ በ2 ሰዓት ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። ማጅራት ገትር የያዘው ሰው ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ስለተረሳ ብቻ ነፃ ሊባል ነው። ቆጠራው ወዲያው ይሠራ። ስኳሩ የሚነበበው ከደም ስኳር ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ጤነኛው የደሙ 60 ከመቶ ገደማ ነው፣ ከ40 ከመቶ በታች ከወረደ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። የደሙ ናሙና አብሮ ካልተወሰደ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። ማጅራት ገትር በብርቱ ከተጠረጠረ ደግሞ ፈሳሹን ወይም ሲቲ ስካኑን በመጠበቅ አንቲባዮቲኩ አይዘግይ።

ለአልዛይመር ጥናት ከሆነ ቱቦው ራሱ ወሳኝ ነው። አሚሎይድ ቤታ 42 የሚባለው ፕሮቲን ከብርጭቆና ከፖሊስታይሪን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ፈሳሹን ከቱቦ ወደ ቱቦ ባገላበጡ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል፤ ዝቅተኛ አሚሎይድ ደግሞ የሕመሙ ምልክት ስለሆነ ጤነኛው ሰው ታማሚ ይመስላል። በቀጥታ ወደ ፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይቀዳ፤ ቱቦ ማገላበጥ ይቅር።

ጥያቄ፦ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ያለበት ሰው ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል?

ሰዓቱን ይጠይቁ። ራስ ምታቱ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ በዘመናዊ ማሽን ተነስቶ፣ ብቁ ራዲዮሎጂስት ካነበበው ሲቲ ስካን በአንጎል ሽፋን ሥር የፈሰሰን ደም አያመልጠውም ማለት ይቻላል። በ2011 በታተመ 3132 ሰዎችን ባካተተ ጥናት በ6 ሰዓት ውስጥ የተነሱት ላይ አንድም አላመለጠም፤ ሁሉም ሰዓት ሲደመር ግን ሴንሲቲቪቲው 92.9 ከመቶ ነበር። ደሙ ስለሚታጠብና ስለሚደበዝዝ ነው። ከ6 ሰዓት ካለፈ ከጀርባ ፈሳሽ ይቀዳል፤ ወይም የደም ሥሩ በሲቲ ይታያል። ፈሳሹን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ለመፈጠር 12 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ቀድሞ የተቀዳ ፈሳሽ ሊያሳስት ይችላል። ቱቦው ከብርሃን ይከለል፤ ብርሃን ቢሊሩቢንን ያፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ ማዞር የያዘው ታማሚ ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው። ስትሮክ አይደለም ማለት እችላለሁ?

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አይችሉም። ዲፊዩዥን የሚባለው ኤምአርአይ በስትሮክ ላይ ከሁሉ የላቀ ነው፤ ያም ሆኖ በአንጎል ግንድና በኋላኛው ክፍል ያለ ትንሽ ስትሮክ መጀመሪያ ላይ ያመልጠዋል። በ2009 በወጣ 101 ታማሚዎችን ባየ ጥናት፣ ሂንትስ የሚባሉት ሦስት የዓይን ፈተናዎች በመጀመሪያው ኤምአርአይ ያመለጠውን ስትሮክ ጭምር ይዘዋል። ፈተናዎቹ ጭንቅላትን በፍጥነት አዙሮ ዓይን ዒላማውን ይዞ መቆየቱን ማየት፣ የኒስታግመሱ (ዓይን ያለ ፈቃድ የመወዛወዙ) አቅጣጫ መቀያየሩን ማየት፣ አንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዝለሉን ማየት ናቸው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፈተናው የተጠናው ሳያቋርጥ በሚያዞራቸውና በምርመራው ወቅት ኒስታግመስ ባላቸው ሰዎች ላይ፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች እጅ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ለሰኮንዶች ብቻ በሚያዞረው ሰው ላይ ከሠሩት የጭንቅላት ማዞር ፈተናው ጤነኛ ይወጣል፤ በሂንትስ አነባበብ ደግሞ ጤነኛ መውጣቱ ስትሮክን ያመለክታል። የጆሮ ችግር ያለበት ሰው እንዲሁ በከንቱ ይደነግጣል። በቀጣይ ማዞርና በአፍታ ማዞር መካከል ሳይለዩ ፈተናውን አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የእጅ ነርቭ ፍጥነት ስንለካ የአንድ ሰው ውጤት በቀናት ልዩነት ይለዋወጣል። ለምን?

እጁን ይንኩት። የቆዳ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲቀንስ የነርቭ ፍጥነት በሰኮንድ ወደ 2 ሜትር ይወርዳል። 27 ዲግሪ የሆነ እጅ ጤነኛውን ነርቭ የታመመ ያስመስለዋል። ቢያንስ 32 ዲግሪ እስኪደርስ በሞቀ ውሃ ወይም በማሞቂያ ያሙቁት፤ ሙቀቱንም ውጤቱ ላይ ይጻፉ። ሌላው፣ በአደጋ የተቆረጠ ነርቭ በመርፌ ምርመራ ጡንቻው ላይ ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን «ንጹሕ ነው» ማለት ጊዜው አልደረሰም ማለት ብቻ ነው። ጊያን-ባሬ የሚባለው ነርቮችን አጥቅቶ ሰውነትን የሚያዝል ሕመምም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የጀርባ ፈሳሹ ፕሮቲን ልክ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለፓርኪንሰን የደም ወይም የፎቶ ምርመራ የለም?

ዋናው ምርመራ አሁንም የሐኪሙ ዓይንና እጅ ነው። ዳት ስካን ዶፓሚን መቀነሱን ያሳያል፤ ፓርኪንሰንን ከሚመስሉት እንደ ኤምኤስኤ ካሉ ሕመሞች ግን አይለይም። በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን ዘር አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ በ2023 በወጣ 1123 ሰዎችን ባካተተ ጥናት 87.7 ከመቶ ታማሚዎችን ይዟል። ኤልአርአርኬ2 የሚባለው የጂን ለውጥ ያለባቸው፣ በተለይም ማሽተታቸው ያልተጎዳ ታማሚዎች ላይ ግን በጣም ወርዷል፤ ኔጋቲቭ ውጤት ሕመሙን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ የማስታወስ ፈተናውን ወደ ቋንቋችን ተርጉመን 26 ነጥብን መለያ አድርገናል። ትክክል ነው?

26 የመጣው ሞካ የተባለው ፈተና መጀመሪያ ከተጠናባቸው፣ በአብዛኛው ከተማሩ ሰዎች ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ አንድ ነጥብ ይጨመራል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን አንድ ነጥብ ምንም አይፈይድም። ኩብ መሳልና በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን መደርደር የሚለካው ትምህርትን ነው። በአካባቢያችሁ ጤነኛ መሆናቸው በሐኪም የተረጋገጠ ሰዎችን በዕድሜና በትምህርት ደረጃ ከፋፍላችሁ መዝኑ፤ መለያውን ከዚያ አውጡ፤ ከዚያም በሌሎች ሰዎች ላይ ፈትኑት። ያ እስኪሆን ድረስ ነጥቡን ከራሱ ከሰውየው የቀድሞ ነጥብና ቤተሰቡ ከሚናገረው ለውጥ ጋር አነጻጽሩ።