ዓሣዎቹ ለምን ይሸሻሉ፣ ለምንስ ይከተላሉ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ እስራኤል ውስጥ ኢላት ነው። ዘንድሮ በስኩባ፣ ማለትም የአየር ጋን በጀርባ ተሸክሞ፣ መጥለቅ ተምሬ ቀይ ባሕር ስገባ ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ዓሣዎች ገና ከሩቅ ይሸሹኛል፤ ሌሎቹ ከኋላዬ ተሰልፈው ይከተሉኛል፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀች፣ ከጣቴ ብዙም የማትበልጥ ብርቱካናማ ዓሣ ደግሞ መጥታ መነጽሬን ገጨችው። ለመሆኑ ዓሣ ሰውን ለይቶ ያውቃል?

መልስ፦ ከሽሽቱ እንጀምር። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚጓዝ፣ ዓሣው ብዙውን ጊዜ እርስዎን ከማየቱ በፊት ድምፅዎን ይሰማል። በተነፈሱ ቁጥር እየተንቦቀቦቀ የሚወጣው አረፋ ለእርስዎ ከቁም ነገር የማይገባ ቢመስልም ለእርሱ ሁካታ ነው። የተነፈሱትን አየር አጣርቶ የሚመልስ፣ አረፋ የማያወጣ መሣሪያ የያዙ ጠላቂዎች ዓሣው ይበልጥ እንደሚያስጠጋቸው የሚናገሩትም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽሽቱ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። በጦር በሚታደንበት ባሕር ከሩቁ የሚሰወረው ዝርያ፣ ማጥመድ በተከለከለበት ጥብቅ ስፍራ አጠገቡ ድረስ ያስጠጋል፤ ዓሣው የሚያስታውሰው ባለፈው ጊዜ ከሰው ያገኘውን ነውና።

የሚከተሉዎት ግን ፍቅር ይዟቸው አይደለም። እግርዎ አሸዋውን ሲያናውጥ ተደብቀው የነበሩ ትሎችና ትናንሽ ሸርጣኖች ብቅ ስለሚሉ፣ ሳቢሳ ከከብት እግር ሥር ነፍሳት እንደሚለቅም ሁሉ እነርሱም ከእርስዎ እግር ሥር ይለቅማሉ። ሌሊት ከጠለቁ ደግሞ አንበሳ ዓሣ በባትሪዎ ብርሃን ውስጥ የገባችውን ትንሽ ዓሣ ሲውጥ ማየትዎ አይቀርም፤ መብራቱን ይዘው አዳኙን የሚያግዙት እርስዎ ነዎት።

ለይቶ ማወቁን በተመለከተ፣ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች በኮርሲካ ደሴት ባሕር ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ሙከራ ደስ ይላል። ልብሳቸውና የእግር ክንፋቸው በቀለም የተለያየ ሁለት ጠላቂዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲዋኙ፣ መጨረሻ ላይ ምግብ የሚሰጠው አንደኛው ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም እኩል የተከተሉት ዓሣዎች በሁለተኛው ቀን ወደ መጋቢው አደሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲለብሱ ግን መለየት ተሳናቸው። እንግዲህ ያወቁት ፊትን ሳይሆን ልብስን ነው፤ እኛም እኮ በዚያ ጭንብል ጓደኛችንን የምንለየው በክንፉ ቀለም ነው። በግብፅ ራስ መሐመድ አካባቢ አስጎብኚዎች የተቀቀለ እንቁላል ያለመዷቸው ናፖሊዮን የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎችም ጠላቂ ባዩ ቁጥር ይጠጉ ነበር። ልማዱ ዓሣውን ስለሚጎዳ እርስዎ እንዳይሞክሩት።

መነጽርዎን የገጨችው በገለጻዎ መሠረት ክላውንፊሽ ናት። አጠገቧ እንደ አበባ የተበተነ፣ የሚናደፍ አኔሞን የተባለ እንስሳ ሳይኖር አይቀርም፤ ቤቷ እርሱ ነውና የገጨችዎት እርሱን ስትከላከል ነው። እርሷስ አትጎዳዎትም፤ የሚያሳስበው እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የሚያድገውና በጥርሱ ኮራል የሚሰብረው ታይታን ትሪገርፊሽ የተባለ ዓሣ ነው። እንቁላሉን ሲጠብቅ የሚከላከለው ክልል ከጎጆው ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ሲመጣብዎት ወደ ላይ መውጣት እዚያው ክልል ውስጥ ያቆይዎታል፤ ፊትዎን ወደ እርሱ አዙረው፣ ክንፍዎን በመካከል አድርገው ወደ ጎን ይራቁ።