ዋልያዎቹ በሌሉበት ማንን እንደግፍ?

የአንባቢያን ጥያቄና የስፖርት ክፍላችን መልስ

ጥያቄ፦ የክለብ ኳስ ነው የማየው። ዓለም ዋንጫ ሲመጣ ሰፈሩ ብራዚልና አርጀንቲና ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ እኔ መሐል ላይ እቀራለሁ። ቡድን በምን ይመረጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዋልያዎቹ ምርጫ ውስጥ አይገቡም፤ የራስ ናቸው። የሚመረጠው ሁለተኛው ቡድን ነው። አገራችን ለዓለም ዋንጫ አልፋ ስለማታውቅ ሁላችንም አንድ ያስፈልገናል። በጣም የተቃረብነው በ2006 ዓ.ም. ነበር፤ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ተጫዋች ፍቅር ሲመርጥ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሊግ ብቻ በዓመት 38 ጊዜ ይጫወታል፤ ብሔራዊ ቡድን ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እምብዛም የማይበልጥ ጨዋታ ነው ያለው። ኮከቡ ከተጎዳ ወይም ጫማውን ከሰቀለ እጅዎ ላይ የሚቀር ነገር የለም። በዋንጫ ብዛት መምረጥም አያዋጣም። ጣሊያንን እ.ኤ.አ. በ2006 ባነሳችው ዋንጫ የወደደ ሰው የ2018ንም የ2022ንም ዓለም ዋንጫ ያለ ቡድን ነው ያየው። ለ2022 ያስቀረቻት ሰሜን መቄዶንያ ነች፤ ፓሌርሞ ላይ በ92ኛው ደቂቃ በተቆጠረ ጎል።

እንዲህ ያድርጉ። ሦስት ቡድን ይያዙና የእያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጨዋታ 90 ደቂቃውን ሙሉ ይዩ። በስልክ ጎሎቹን ብቻ ማየት ስለ ቡድኑ ምንም አይነግርዎትም። ከሁለቱ አንዱ ከሜዳ ውጪ ከደካማ ቡድን ጋር የተደረገ ማጣሪያ ይሁን። አሥር ሰው ሳጥኑ ላይ ተደርድሮ ሲጠብቃቸው እንዴት እንደሚከፍቱ የሚታየው እዚያ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ለዚህ አይሆንም፤ አሰልጣኙ ግማሹን ቡድን ቀይሮ ሙከራ ያደርግበታል። ሁለት ነገር ላይ ያተኩሩ፦ ኳስ በተነጠቁ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሰከንዶች ምን እንደሚያደርጉ፣ እና በ70ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመሩ ወደፊት ይሄዱ ወይስ ወደኋላ ይሰበሰቡ እንደሆነ። የሚወዱትና የሚያናድድዎት ቡድን እዚህ ላይ ይለያል።

ሰዓቱንም ያስሉ። ውድድሩ አሜሪካ ውስጥ በሰኔ ከሆነ፣ ኒው ዮርክ ላይ እኩለ ቀን የሚጀመር ጨዋታ እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ማታ በእነሱ 7 ሰዓት የሚጀመረው ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። የምድቡ ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ሌሊት የሚያልፉበትን ቡድን መውደድ ይከብዳል።

የእኛ ምክር ከአፍሪካ እንዲይዙ ነው። ሞሮኮ በ2022 ኳታር ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ስትበቃ ከአህጉሩ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እስከዚያ ድረስ መረቧን የነካው አንድ ጎል ብቻ ነው፣ እሱንም ከካናዳ ጋር የራሷ ተከላካይ ነው ያስቆጠረው። ከስፔን ጋር የተደረገውን 120 ደቂቃ ፈልገው ይዩት። ስፔኖች ከሺህ በላይ ቅብብል አድርገው መሐሉን ማለፍ አቃታቸው፤ የሞሮኮው አማካይ አምራባት ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ መንገዱን ዘግቶ ነበር። በመለያ ምቱ ደግሞ የስፔኑ ሳራቢያ ቋሚውን መታ፣ የሶሌርንና የቡስኬትስን የሞሮኮ ግብ ጠባቂ ቡኑ አዳነ። አዲስ ቡድን ከፈለጉ ኬፕ ቨርዴ አለች፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ ካሜሩን ካለችበት ምድብ አንደኛ ሆና ለ2026 አለፈች።

ጥያቄ፦ ልጃችን 10 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደው። የአሜሪካን ማሊያ ግዙልኝ ይላል፣ አባቱ ደግሞ ከዋልያዎቹ ሌላ አይሆንም ይላል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ማሊያውን ይግዙለት። ልጅ የሚወደው ከጓደኞቹ ጋር የሚያየውን ነው፤ ተከልክሎ የወደደ የለም። ዋልያዎቹን በማሳየት ያስተዋውቁት። አዲስ አበባ 10 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ በእናንተ በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት) ስለሚሆን ከቁርስ ጋር ይታያል። ከቆዩት ደግሞ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ይሻላል። የሜዳችን ጨዋታ ተብሎ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ለምን እንደተደረገ መጠየቁ አይቀርም፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአገራችንን ስታዲየሞች ደረጃ አያሟሉም ስላለ መሆኑን እውነቱን ይንገሩት። በጁላይ መግቢያ ላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ስታዲየም ድረስ ይውሰዱት፤ የአባቱን ስሜት እዚያ ያገኘዋል።

አባትየው «አንድ ቀን ለኢትዮጵያ ይጫወታል» ብለው ከሆነ ግን ሕጉን ይወቁ። ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። የእኛ የዜግነት አዋጅ 378/1996 ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ብቻውን አያጫውትም። ሞሮኮ ኳታር ላይ ከ26ቱ 14 ተጫዋቾቿ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ፤ እኛ ግን ይህን በር ዘግተናል፣ ይህም ያሳዝነናል። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ በዩሮ 2012 የተሰለፈው ለተወለደባት ለቼክ ነው።

ለአንዱ ተጫውቶ ወደ ሌላ መዞር ይቻላል ወይ ለሚሉም፦ የወዳጅነት ጨዋታ አያስርም፤ ዴክላን ራይስ ለአየርላንድ ሦስቱን ተጫውቶ ወደ እንግሊዝ የዞረው በዚህ ነው። በውድድር ጨዋታ ላይ ግን ከ2020ው ማሻሻያ ወዲህ ሊዞር የሚችለው ከ21 ዓመቱ በፊት ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ካደረገ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ዓመት ካለፈው፣ እና በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ ዋና ውድድር ላይ ካልተሰለፈ ነው።

ጥያቄ፦ የያዝኩት ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ቢሸነፍ መቀየር ነውር ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከነውሩ ይልቅ ችኮላው ነው የሚጎዳዎት። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2010 በስዊዘርላንድ፣ አርጀንቲና በ2022 በሳዑዲ ተሸንፈው ነው የጀመሩት፤ ሁለቱም ዋንጫውን በሉ። ፖርቱጋል በዩሮ 2016 ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ አቻ ወጥታ በሦስተኛነት አልፋ ሻምፒዮን ሆናለች። በ48 ቡድን በሚደረገው ዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12ቱ ምድብ ሦስተኛ ከሚወጡት ስምንቱ ስለሚያልፉ አንድ ሽንፈት ማንንም አያስወጣም። ቡድንዎ በጥሎ ማለፍ ከተሰናበተ፣ ለቀሪው ጊዜ ያሰናበተውን ቡድን ይያዙ፤ 90 ደቂቃ ሙሉ ስላዩት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያውቁታል። ማጣሪያው ሲጀመር ወደ ራስዎ ቡድን ይመለሱ።