«መቶ ሜትር መሮጥ እፈልጋለሁ፤ ትምህርቴን ላቋርጥ?»

ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ስምሽን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ እይታሽ ጭላንጭል ነው፣ መነጽርም እምብዛም አልረዳሽም። በትምህርት ቤታችሁ ውድድር 100 ሜትር ሮጠሽ ሁሉንም ቀድመሻል። የስፖርት መምህርሽ በስልኩ 13.8 ሰከንድ ይዞልሻል። እሱ ግን «ኢትዮጵያዊ አጭር ርቀት አይሆንለትም፣ 1500 ሩጪ» ይልሻል። ወንድምሽ ደግሞ «ሩጫ እንጀራ አይሆንም» ብሎ ተቆጥቷል። በዚህ መሐል አንድ ሰው መጥቶ «አዲስ አበባ ክለብ አስገባሻለሁ፣ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ብር አዘጋጂ» አለሽ። አንቺም ትምህርቴን አቋርጬ ልሂድ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትሂጂ። ለሰውየውም ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጪ። ክለብ የሚቀበልሽ በሰዓትሽ ነው። ለመመልመል ብር የሚጠይቅ ሰው አትሌት አይፈልግም፣ ብሩን ነው የሚፈልገው። ሩጫውን ግን እንዳትተዪ። አብሽሪ፣ ሐይቅ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው ደግሞ ጨርሶ ሩጫ አይደለም፤ የዓይን ምርመራ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። በፓራ አትሌቲክስ፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለባቸው በሚወዳደሩበት አትሌቲክስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተደባልቆ አይሮጥም። ሯጮች እንደ ጉዳታቸው ዓይነትና መጠን በክፍል ይመደባሉ፣ ይህም ክላሲፊኬሽን ይባላል። የእይታ ጉዳት ያለባቸው ሯጮች ክፍሎች ሦስት ናቸው፦ ቲ11፣ ቲ12 እና ቲ13። ቲ11 ምንም ወይም ምንም ያህል የማያዩ ናቸው። ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው የግድ ከመሪ ሯጭ ጋር ይሮጣሉ። ቲ12 ጭላንጭል ያላቸው ሲሆኑ መሪ መያዝም አለመያዝም ይችላሉ። ቲ13 ከሦስቱ የተሻለ የሚያዩት ናቸው፣ እነሱ ብቻቸውን ነው የሚሮጡት።

በር የሚከፈተው እስከ ምን ድረስ ነው? እስከ ፓሪስ ፓራሊምፒክ በተሠራበት ሕግ ለቲ13 የሚያበቃው የእይታ ጣሪያ 6/60 ነው። ጤናማ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን ነገር አንቺ 6 ሜትር ቀርበሽ ነው የምትለዪው ማለት ነው። ወይም ደግሞ የእይታሽ ስፋት በጣም የጠበበ መሆን አለበት፣ ዳር ዳሩን የማታዪ ከሆነ። ልብ በዪ፣ የሚለካው የተሻለው ዓይንሽ ነው። እሱም በሚቻለው ምርጥ መነጽር ታርሞ ነው። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ግን ሌላው ደህና የሆነ ልጆች ይጽፉልኛል። እነሱን ሕጉ አያስገባቸውም፣ ይህን መንገር ያሳዝነኛል። የአንቺ ሁኔታ ሌላ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ግን ወረቀት አይሆንም።

ስለዚህ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂ። ከሐይቅ ሩቅ አይደለም፣ በዓይን ሕክምናውም ወሎ ሁሉ ያውቀዋል። የዓይን ሐኪሙን «ለፓራ አትሌቲክስ ነው፣ የእይታዬ መጠንና ስፋት ተለክቶ ከነምክንያቱ ይጻፍልኝ» በይው። የጽሑፉን አንድ ቅጂ እቤት አስቀምጪ። ዓለም አቀፍ ምዘና ላይ ስትደርሺ ከ12 ወር ያልበለጠ አዲስ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ያኔ ታሳድሺዋለሽ። የአሁኑ መንገድሽን ለማወቅ ነው። ምርመራ ላይ ደግሞ ያየሽውን አላየሁም እንዳትዪ። ሆን ብሎ ጉዳትን ማጋነን እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፣ ለዓመታት ያሳግዳል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ፣ መምህርሽና አንቺ የምትከራከሩበት። መምህርሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚናገረው። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የ1500 ሜትር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ ብር አመጣ፣ የመጀመሪያችን ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ታምሩ ደምሴ ብር። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በቲ13 የአገሪቱን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፣ በ2024 ፓሪስም ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ላይ ያየሽ ጌጤ በቲ11 ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ደግሞ ብር። ሁሉም 1500። ከወንድዬ በቀር ሁሉም የእይታ ጉዳት ያለባቸው ሯጮች። መንገዱ ተጠርጓል፣ አሠልጣኙም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ግን ከዚህ ተነስቶ «አጭር ርቀት አይሆንልንም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ያልሞከርነውን አልቻልነውም ማለት ልክ አይመስለኝም። አፍሪካውያን በአጭር ርቀት ወርቅ አጥልቀዋል። አንጎላዊው ጆዜ ሳዮቮ ወታደር ሳለ በፈንጂ ዓይኑን አጣ፣ በ2004 አቴንስ ላይ ግን 100፣ 200 እና 400 ሜትርን ሦስቱንም አሸነፈ። የናሚቢያው አናንያስ ሺኮንጎ በሪዮ የ200 ሜትር ወርቅ ወሰደ። 

ስለ ኩባዊቷ ኦማራ ዱራንድ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ታሪኳ ካንቺ ጋር ይገናኛል። ዓይኗን የጎዳው አብሯት የተወለደ የዓይን ሞራ ነው። መጀመሪያ የምትሮጠው በቲ13 ነበር፣ ብቻዋን። በለንደን 100 እና 400 ሜትር አሸነፈች። በኋላ እይታዋ እንደገና ተመዝኖ ወደ ቲ12 ተዛወረች፣ ዩኒዮል ኪንዴላን የሚባል መሪ ሯጭም ያዘች። ከዚያ በሪዮ ሦስት ወርቅ፣ በቶኪዮ ሦስት፣ በፓሪስ ሦስት፤ 100፣ 200 እና 400። በጠቅላላው 11 ወርቅ። ሪዮ ላይ 100 ሜትርን በ11.40 ሰከንድ ጨርሳለች። ክፍሏ ሲለወጥ የምትሮጥበት መንገድ፣ አብሯት የሚሮጠው ሰው፣ የልምምዷ ዓይነት ሁሉ ተለወጠ።

ያንቺም ምርጫ በክፍልሽ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ፓሪስ ላይ የሴቶች ቲ12 100፣ 200 እና 400 ሜትር ነበረው፤ 1500 ግን ለቲ12 ብቻውን አልተዘጋጀም። ቲ13 ደግሞ 100፣ 400 እና 1500 ነበረው፣ 200 ግን አልነበረም። አየሽ? ቲ12 ከሆንሽ የመምህርሽ ምክር ካንቺ የተሻለ ከሚያይ ሰው ጋር እንድትጋፊ ያደርግሻል፣ አጭሩ ርቀት ያዋጣሻል። ቲ13 ከሆንሽ የእሱ ምክር ክብደት ያገኛል። ስለዚህ አሁን አትጣሉ። ሁለቱም ክፍሎች ውስጥ ያሉት 100 እና 400 ናቸው። እስኪታወቅ ድረስ በእነዚህ ተለማመጂ። 400 ሜትር ፍጥነትንም ጽናትንም ይፈትናል፣ ወደ የትኛው እንደምታደዪም እሱ ያሳያችኋል። እኔ በበኩሌ ከ100 ይልቅ በ400 ብዙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ሰዓትሽ እውነቱን ልንገርሽ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ ያነሰ ይመጣል። በ100 ሜትር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ ይጨመርበታል። ያንቺ 13.8 ወደ 14 ይጠጋል ማለት ነው። ከዱራንድ ጋር ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ልዩነት አለ፣ ይህም በ100 ሜትር ብዙ ነው። ነገር ግን አንቺ የሮጥሽው በአፈር ሜዳ ላይ፣ ያለ መነሻ ብሎክ፣ ያለ ስፓይክ ጫማ፣ ያለ አሠልጣኝ ነው። ጊዜም አለሽ። ብራዚላዊቷ ጄሩሳ ጌቤር በፓሪስ የቲ11 100 ሜትርን ከ12 ሰከንድ በታች ሮጣ የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቋን ስታጠልቅ 42 ዓመቷ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ፓራሊምፒክ በነሐሴ 2028 እ.ኤ.አ. ነው። ለእሱ መድረስ አለብኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ያኔ እንኳ ገና ልጅ ነሽ።

ልምምድ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ከሐይቅ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ እንዳትሮጪ። ዋና መንገድ ነው፣ የጭነት መኪናው ብዙ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከሩቅ አታዪውም። ኳስ ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና በመካከሉ ሩጪ። ፀሐይ ፊትሽ ላይ ካበራች ኮፍያ አድርጊ ወይም አቅጣጫ ቀይሪ። የአጭር ርቀት ሯጭ ደግሞ እንደ ማራቶን ሯጭ ቀኑን ሙሉ አይሮጥም። 30 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ሙሉ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ደክሞሽ ከሮጥሽ ፍጥነት አትለማመጂም፣ ድካም ነው የምትለማመጂው። ለጉልበት አጭር ዳገት መውጣት ጥሩ ነው፣ እሱስ በወሎ መቼ ይጠፋል! ኮምቦልቻ ያሉት አክስትሽ ዘንድ ስትሄጂ ደግሞ ሞቃቱን አየር ተጠቀሚበት። ቀዝቃዛ ጡንቻ በፍጥነት ሲዘረጋ ይጎዳል፣ ስለዚህ ሐይቅም ሆነ ደሴ በጠዋት ሳታሟሙቂ እንዳትጀምሪ።

እጅሽን ይዞ ያሯሩጠኛል ብለሽ የጻፍሽልኝ የአጎትሽ ልጅ ነገር በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ። ቲ12 ከሆንሽ እሱም ሥራ ሊኖረው ይችላል። መሪ ሯጭ፣ በተለምዶ ጋይድ የሚባለው፣ ከአትሌቱ ጋር በአጭር ገመድ ይታሰራል። እየጎተተ መውሰድም መግፋትም አይፈቀድለትም። መጨረሻው መስመር ላይ ከአትሌቷ ቀድሞ ከገባ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ገመዱን መልቀቅም ያስቀጣል። ፓሪስ ላይ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን በሦስተኛነት ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት፣ መሪዋ ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ሲል ገመዱን ለቃ ደገፈችው። በዚህ ምክንያት ከውድድሩ ተሰረዘች። ይህን ፍርድ እስካሁን ልቤ አልተቀበለውም፣ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ካሸነፋችሁ መሪውም ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፣ የዶፒንግ ሕጉም እሱን ይመለከታል። የአጎትሽ ልጅ ከአንቺ በደንብ መፍጠን አለበት፣ የእግሩንም ርዝመት ከእርምጃሽ ጋር ማስማማት አለበት። ከአሁኑ አብራችሁ ክንድ ለክንድ አጥኑ።

ምዝገባውን ከተሁለደሬ ወረዳ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጀምሪ። መምህርሽ አብሮሽ ይሂድ። «የፓራ አትሌቲክስ ውድድር ለዞኑ ስትመርጡ እኔን መዝግቡኝ» በይ። ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ ውድድር ነው የሚኬደው። ዓለም አቀፉን ምዘናና ፈቃድ ራስሽ አታመለክቺም፣ የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ነው የሚያቀርብሽ።

ወንድምሽን አትቀየሚው። እሱ የሚፈራው ነገር እውነት ነው። በዚህ አገር በፓራ ሩጫ ብቻ ቤት መምራት የቻሉት ጥቂት ናቸው። ቡናው ተፈልቶ ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት፣ መምህርሽም ባለበት፣ «ትምህርቴን አላቋርጥም» ብለሽ ጀምሪ። ይህን ሲሰማ ግማሹ ቁጣው ይበርዳል። 12ኛን ፈተና ስትወስጂ ጉልህ ጽሑፍና ተጨማሪ ሰዓት እንዲዘጋጅልሽ ትምህርት ቤቱን ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ስፖርት ሳይንስ ወይም ልዩ ፍላጎት ትምህርት ብትመርጪ ከሩጫው ጋር ይሄዳል። ጭላንጭል ያለባቸውን ልጆች ማሠልጠን የሚችል ባለሙያ በእኛ አካባቢ በጣም ነው የሚያንሰው፣ ከራስሽ የተሻለ ማን ያውቀዋል? ሥራ ስትፈልጊም አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አንብቢ። አካል ጉዳተኛ ለሥራው ብቁ ሆኖ ከተገኘ በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግበት ያዛል። ወንድምሽም ያንብበው።

የሐኪሙ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናነበዋለን። እስከዚያ መምህርሽ 400 ሜትርም ይያዝልሽና ሰዓቱን አብረሽ ጻፊው።