በ3 ፔንስ የተጣሉ ሰዎች፦ ስለ አሜሪካ አብዮት ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ አብዮት የመጣላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገሙትንና እኔም የምወዳቸውን መርጬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አብዮቱ በሻይ ምክንያት ተነሳ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሻዩ ዘግይቶ የመጣ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከዕዳ ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ቆይታ በ1763 አሸነፈች፣ ካናዳንም ወሰደች። ዕዳዋ ግን ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ወታደር ማስቀመጥ አማራት። «የተዋጋነው ለእናንተም ነው፣ አዋጡ» ነው ነገሩ። ለንደን ሆኖ ለሚያየው ያስኬዳል። ለዚህ ነው እንግሊዞቹን ዝም ብሎ ክፉ አድርጎ መሳል የማይጥመኝ።

በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የአሜሪካ ሰፋሪዎች ደግሞ፣ ፈረንሳይ ከሄደች ጠባቂ ምን ያደርግልናል አሉ። በዚያው ዓመት ንጉሡ ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ እንዳትሰፍሩ ብሎ አዋጅ አወጣ። ተዋግተው ያስገኙት መሬት ተከለከሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ግብሩ ግን ያን ያህል ከባድ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ያለው ሰው ከነሱ እጅግ የበለጠ ይከፍል ነበር። የሚገርማችሁ፣ በ1764 ፓርላማው የሞላሰስን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ (ፔንስ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው) ቀነሰው። ቀነሰ! ሰዉ ግን ተናደደ። 6 ፔንሱን ማን ይከፍል ነበርና? ሞላሰስ ሩም የሚባለው አረቄ የሚወጣበት ነው። ነጋዴው በኮንትሮባንድ ያስገባል፣ ለጉምሩኩ ሰው ሸጎጥ ያደርግለታል፣ አለቀ። 3 ፔንሱ ግን የምር ሊሰበሰብ መጣ። የባሕር ኃይል ወደቡን ይጠብቅ ጀመር። የተያዘ ነጋዴም የአገሩ ሰው በማይፈርድበት ችሎት፣ ካናዳ ሃሊፋክስ ድረስ ተወስዶ ሊዳኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ የቴምብሩ ሕግስ ምንድነው?

መልስ፦ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። በ1765 ጋዜጣው፣ ውሉ፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት፣ መጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ የተከፈለበት ማኅተም ይኑረው ተባለ። ማንን እንደነካ አስቡት። ጠበቃውን፣ ጋዜጣ አታሚውን፣ ነጋዴውን። መናገር የሚችለውንና የተናገረውን የሚያትመውን በአንድ ቀን አስቀየሙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ኦገስት 14 ቀን ቦስተን ስትነቃ የአንድሩ ኦሊቨር ምስል ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ኦሊቨር ቴምብሩን እንዲያከፋፍል የተሾመው ሰው ነው። ሲመሽ ሕዝቡ ምስሉን ተሸክሞ ወደ ወደቡ ወረደ። ኦሊቨር ለቴምብሩ ቢሮ ያሠራዋል የተባለውን ቤት አፈረሰ፣ ምስሉንም አቃጠለ። በነጋታው ኦሊቨር ሥራው ይቅርብኝ አለ። በሌሎች ከተሞችም አከፋፋዮቹ ተራ በተራ ለቀቁ። ሕጉ ኖቬምበር 1 ሥራ ላይ ሲውል ቴምብር የሚሸጥ ሰው ብርቅ ሆነ።

ፓርላማው በ1766 ሕጉን ሻረው። ግን በዚያው ቀን «በማናቸውም ጉዳይ ሕግ ልናወጣላችሁ ሥልጣን አለን» የሚል ሌላ ሕግ አጸደቀ። ሰዉ ፌሽታ ላይ ስለነበር ብዙም ልብ አላለውም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው። ታርጋዬ ላይ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ! የያኔዎቹ ሙግት ይኸው ነበር። ለንደን ፓርላማ ውስጥ አንድም እንደራሴ የለንም፣ ታዲያ ኪሳችን ውስጥ ማን እጁን ያስገባል? የዲሲ ሰውም የፌዴራል ግብር ይከፍላል፣ ኮንግረስ ውስጥ ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። ትራፊክ ሲያስቆምህ የ1760ዎቹን ክርክር ይዘህ ነው የምትቆመው።

ጥያቄ፦ የሻዩ ሕግ ሻይን አረከሰው ይባላል። ታዲያ ለምን ባሕር ውስጥ ደፉት?

መልስ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ የገባቸው እሱ ነው። በ1773 የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ በራሱ ወኪሎች በኩል እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ዋጋው ረከሰ። በአንድ ፓውንድ ክብደት ሻይ 3 ፔንስ ቀረጡ ግን እንዳለ ነው። ርካሹን ሻይ የጠጣ ሰው የፓርላማውን ሥልጣንም አብሮ ዋጠ። ወኪል ያልሆነው ነጋዴ ከገበያ ወጣ፣ ኮንትሮባንዲስቱም እንደዚያው። ከቦስተን ወኪሎች ሁለቱ ደግሞ የገዢው የሃቺንሰን ልጆች ናቸው። ይሄ ለማን ይዋጣል?

ዲሴምበር 16 ማታ ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ገባ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ሻዩ ከመርከቦቹ ጎን እንደ ድርቆሽ ተከመረ። ኮቱ ውስጥ ሻይ የደበቀ አንድ ሰው ተይዞ ጉዱ ፈላ። ሌብነት እንዳይባልባቸው ተጠንቅቀዋል።

ለንደን ወደቡን ዘጋችው። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ቦስተንን እንደ ረባሽ ያዩ የነበሩ ግዛቶች እህልና ከብት መላክ ጀመሩ። በ1774 የ12 ግዛት ሰዎች ፊላዴልፊያ ላይ ተሰበሰቡ፣ በቀጣዩ ኤፕሪል ቦስተን አጠገብ ሌክሲንግተን ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ጦርነቱም ተጀመረ።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ነፃ አገር ነበር የፈለጉት?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! የጠየቁት እንደ እንግሊዛዊ መታየትን ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላም በጁላይ 1775 ለንጉሥ ጆርጅ የዕርቅ አቤቱታ ልከዋል። ንጉሡ አልቀበልም አለ፣ አመፀኞች ናችሁ ብሎም አወጀ። ያኔ ነው ልባቸው የቆረጠው።

ጥያቄ፦ ነፃነት ነፃነት ሲሉ ባሪያዎቹስ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገህ ያዝካቸው። በነፃነት አዋጁ ላይ «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው የእንግሊዝ ገዢ፣ የአመፀኞቹ ባሪያ ከንጉሡ ጎን ከተሰለፈ ነፃ ነው ሲል፣ ብዙዎች ነፃነታቸውን ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ጦር ሮጡ። ከአብዮተኞቹ ሳይሆን ከንጉሡ!

ጥያቄ፦ ሻይ ሲተዉ ቡና ጀመሩ የሚባለውስ?

መልስ፦ ይህችን ለኛ ለቡና ልጆች ብዬ መጨረሻ ላይ አስቀምጫታለሁ። ቡናማ ቀድሞም ይጠጡ ነበር። ግን በ1774 ጆን አዳምስ፣ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ መንገድ ደክሞት አንድ ቤት ያርፋል። ቀረጥ ያልተከፈለበት ሻይ ይኖር ይሆን ብሎ ባለቤቲቱን ይጠይቃል። «የለም ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ሻይ ትተናል፤ ቡና ግን ላፈላልዎ እችላለሁ» አለችው። ለሚስቱ ሲጽፍ፣ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣ እንደሆነና በደንብ እንደቻለው ነገራት። እንደቻለው! እንደ መድኃኒት!