ዶቃና ሽቦ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ድሬዳዋ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዶቃ በሽቦ እየሠራሁ ጉትቻ፣ አምባርና የአንገት ጌጥ መሸጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለብኝም፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ እስከ ማታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጀምር ነው፣ ግን ብዙ ብር የለኝም። ምን ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዶቃ አትግዢ። አብዛኞቻችን በቀለሙ ተማርከን ገንዘባችንን እዚያ ጨርሰናል። ሦስት መሣሪያ ይቅደም፦ አፉ ክብና ሹል የሆነ ፒንሳ፣ አፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ ፒንሳ፣ የሽቦ መቁረጫ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፒንሳ ጥርስ ስላለው ሽቦውን ያቆስለዋል፤ ሌላ ከሌለሽ አፉን በፕላስተር ጠቅልይው። ሽቦ 0.8 ሚሊ ሜትር ለጆሮ ማንጠልጠያ፣ 0.5 ዶቃ ለማያያዝ ይሆናል። የጨሌ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ለእሱ 0.3 ያዢ። ቀፊራ ገበያ ወርደሽ ዶቃ የምትመርጪው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ጉትቻ በሳምንቱ ዶቃው ወደቀ፣ የገዛችኝም ልጅ መለሰችልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ዶቃው የሚንጠለጠልበትን የሽቦ ቀለበት አጥፈሽ ብቻ ነው የተውሽው፤ ነጠላ ወይም ፀጉር ሲይዘው ይከፈታል። እኔም መጀመሪያ የሸጥኳቸው በዚሁ ተመልሰውብኛል። መድኃኒቱ መጠምጠም ነው። ከዶቃው በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ አስተርፊ። ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ብለሽ በጠፍጣፋው ፒንሳ ያዢና ሽቦውን ወደ ጎን እጠፊው፤ ያቺ ሁለት ሚሊ ሜትር አንገቱ ናት። ክቡን ፒንሳ እጥፋቱ ላይ አድርገሽ ሽቦውን በላዩ አዙሪና ቀለበት አውጪ። ማንጠልጠያውን አሁኑኑ አስገቢ፣ ከተጠመጠመ በኋላ አይገባም። ከዚያ ቀለበቱን በጠፍጣፋው ይዘሽ ጭራውን አንገቱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሚ፣ ትርፉን ቁረጪ፣ ጫፉን ተጫኚው። ሲያልቅ በነጠላሽ ጫፍ ላይ አሻሺው፤ ክር ከሳበ ገና ነው። የኔ ዓይን የሌላ ሰው ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚሄደው እዚች አንገት ላይ ነው፣ ዶቃው ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ከተቃጠለ ሞተር ያወጣሁት የመዳብ ሽቦ አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ ለልምምድ ከእሱ የተሻለ የለም፣ ወንድሜ። ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ እስካልተፋቀ ድረስ ቶሎ አይጠቁርም። ለጆሮ ቀዳዳ ግን አታድርገው፤ ቫርኒሹንም ለማስለቀቅ ብለህ አታቃጥል፣ ጭሱ መጥፎ ነው። የመብራት ገመድ ከሆነ ፕላስቲኩን በቢላ ላጠው። መዳብ ደጋግመህ ስታጥፈው ይደርቅና ይሰበራል። ምንም ያልተቀባውን ሽቦ ከሰል ላይ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ አግለህ ውኃ ውስጥ ብትነክረው መልሶ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ በድሬ ሙቀት የመዳብ አምባር እጄን አረንጓዴ አደረገው። ይጎዳል?

መልስ፦ ላቡ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ነው፤ በሳሙና ይለቃል። አምባሩን በሎሚና በጨው አሺው፣ አለቅልቂው፣ በደንብ አድርቂው። ዛጎል ወይም ሉል ያለበትን ግን ሎሚ አታስነኪ፣ ይበላዋል። ቆዳሽ የሚያሳክክና ሽፍታ የሚያወጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ኒኬል ያለበት ብረት ነው፣ አውልቂው።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጠይቅሽ ልጄ። ከእናቴ የወረስኩት የአምበር ዶቃ ክሩ አልቋል። በሽቦ ትሠሪልኛለሽ?

መልስ፦ እማማ፣ እባክዎ በሽቦ አያሠሩት። አምበር ለስላሳ ነው፣ ሽቦ ቀዳዳውን እያደር ይቆርጠዋል። በጠንካራ ክር፣ በየዶቃው መካከል ቋጠሮ እየተደረገ ይሰካ፤ ክሩ ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው አንድ ብቻ ነው። አሮጌውን ክር ከመቁረጥዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፣ እናትዎ የደረደሩት ቅደም ተከተል እንዳይጠፋ። በአሴቶን ወይም በአልኮል አይጥረጉት፣ ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል። መሐሉ ያሉት የብር ዶቃዎች ከተጣመሙ ጁገል ውስጥ ለብር አንጥረኛ ያሳዩ፤ ያ የኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ልተምን?

መልስ፦ የእጅሽን ቁጠሪ። ለምሳሌ ዕቃው 70 ብር ወጥቶበት 40 ደቂቃ ቢፈጅብሽና ሰዓትሽን 150 ብር ብትይው፣ 100 ብሩ የድካምሽ ነው፤ ከ170 በታች አትሽጪው። «ለዘመድ ነው» እያልሽ የዕቃውን ብቻ አትቀበዪ።

ጥያቄ፦ ለስምንት ወር ልጄ አምባር ብሠራላትስ?

መልስ፦ አይሆንም። አንድ ዶቃ ብትፈታ ጉሮሮዋ ውስጥ ትገባለች።

ጥያቄ፦ ቤቴ ጠባብ ነው፣ ልጆችም አሉ። የት ተቀምጬ ልሥራ?

መልስ፦ ወፍራም ጨርቅ ያነጠፍሽበት ትሪ ላይ፣ ዶቃው እንዳይንከባለል። ሽቦ ስትቆርጪ የሚወድቀውን ጫፍ በጣትሽ ያዢው፣ ተፈናጥሮ ዓይን ይመታል። ስትጨርሺ ቁርጥራጩን በማግኔት አትፈልጊ፣ መዳብ አይያዝለትም፤ እርጥብ ጨርቅ ወለሉ ላይ ተጫኚበት።